እጇን የምታምን ፍራሽ ሠሪ

ፍራሽ ለማሳደስ ወደ እትዬ ሚዛን ሱቅ የሄደ ሰው ቶሎ አይመለስም። ሥራው ጊዜ ይፈልጋል፤ ወሬው ደግሞ ከሥራው ይብሳል። እኔም የቤቴን ፍራሾች ተራ በተራ እያነሣሁ ስወስድላት የኖርኩት ጥጡ አስቸግሮኝ ብቻ ነው ብል የሚያምነኝ የለም።

ሚዛን እናትና አባት ያወጡላት ስም አይደለም። በእጇ ያገኘችው ነው። ፍራሽ ሲመጣላት ጨርቁን ለመቅደድ አትቸኩልም። መጀመሪያ በመዳፏ ትጫነዋለች፣ ትለቀዋለች፣ ጠርዙን በሁለት ጣት ትቆነጥጠዋለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ይሄ ከላይ ብቻ ነው ጥጥ፤ መሀሉ የልብስ ቁራጭ ነው። ማን ነው የሸጠልህ?» ትላለች። ሲፈታ ነገሩ እንዳለችው ይሆናል። ስፖንጅ የሚያመጡላት ነጋዴዎችም እሷ ፊት ስለ ዕቃቸው ጥራት ብዙ አያወሩም፤ ያስቀምጡና እጇን እጇን ያያሉ።

እሷ ራሷ ግን ሚዛን የማትደፋ ቀጭን ሴት ናት። ረጅሙን የፍራሽ መርፌ በከንፈሯ ነክሳ ታወራለች፣ ትቆጣለች፣ ትስቃለችም፤ መርፌው አንድ ቀን ወድቆ አላየሁም።

ሱቁን የያዘችው ከታናሽ እህቷ ጋር ነው። ታናሿ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ የአራት ልጆች እናት ናት፤ ፍራሽ ቤት ውስጥ ለእንዲህ ያለ ሰው የሚወጣ ስም አንድ ብቻ ስለሆነ «ትራስ» ይሏታል። ቅር አይላትም። «ያለ ትራስ ፍራሽ ምን ዋጋ አለው?» ባይ ናት። ባሏ የተሠራውን ፍራሽ በትንሽ የጭነት መኪና ለየባለቤቱ የሚያደርስ ሾፌር ነው። ሾፌሩ ዝምተኛ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ከሁለቱ መሀል ተቀምጦ ለመናገር ፋታ የሚያገኝ አይመስለኝም።

እናታቸው የሞቱት በጡት ካንሰር ነው። ያኔ ትራስ ገና ነፍስ ያላወቀች ልጅ ነበረች። እናት እብጠቱን ለማንም ሳይናገሩ ከቀሚሳቸው ሥር ይዘውት ከረሙ። አንድ ቀን ወገባቸውን አሟቸው ሚዛን ገላቸውን ስታጥባቸው ጣቷ ነካው።

«ድንጋይ ነበር» አለችኝ ሚዛን፣ ይህን ባጫወተችኝ ጊዜ። «በዚሁ እጄ ነው ያገኘሁት። ሐኪም ቤት ስንደርስ ግን አልፎ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ትራስን ያሳደገች እሷ ናት። አግብታም ነበር፤ ባሏ ልጅ ሳይወልዱ ቀደማት። የትራስን ልጆች ግን ከእቅፏ አውርዳቸው አታውቅም፤ ስንት ልጅ እንዳላት ለሚጠይቃት ደንበኛ፣ «አራት፤ ምጡን ለእህቴ ትቼላት ነው» ትለዋለች።

ከእናቷ ሞት በኋላ ያመጣችው አንድ ልማድ አለ። ጡቷን በእጇ ትፈትሻለች። ትራስንም ታስፈትሻለች። ፍተሻው እንደ ሥራዋ ነው፤ ጥግ ለጥግ፣ ሳትዘል። ስለዚህ ትራስ «እትዬ፣ ማሞግራም የሚሉት የጡት ራጅ አለ፣ እንነሣ» ባለቻት ቁጥር መልሷ አይለወጥም ነበር። «በየጊዜው አየዋለሁ አይደል? ምንም የለም። እጄ ሊዋሸኝ ነው?»

ትራስ ለደም ግፊቷ ክትትል ስትሄድ ሐኪሟ የእናቷን ነገር ሰምታ፣ «አንቺም ተነሺ፣ እህትሽንም ይዘሽ ነዪ» አለቻት። ትራስ እህቷን በምን እንደምትይዛት ታውቃለች። ቤት መጥታ እንደ ሕፃን ተነፋረቀች። «ብቻዬን እፈራለሁ፤ አንቺ ካልተነሣሽ እኔም ይቅርብኝ!» ሚዛን ተነጫነጨች፣ ተሳደበች፣ በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ መኪናው ደጃፍ ቆመች።

ሆስፒታል ስትቀበላቸው የነበረችው ነርስ ጥያቄ አበዛች። የወር አበባ ያዩት በስንት ዓመትዎ ነው? መቼ ቆመ? ወልደዋል? አጥብተዋል? መጠጥ ይወስዳሉ? የሆርሞን መድኃኒት ወስደው ያውቃሉ? ከቤተሰብ ጡቷን የታመመች አለች? ሚዛን ታገሠች፣ ታገሠችና፣ «የኔ ልጅ፣ ልትመረምሩኝ ነው ወይስ ልትድሩኝ?» አለች።

ነርሷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ጥሩ ባል ከተገኘ እሱንም እናስብበታለን፣ እናቴ።»

«ተይ፣ አንዱም በቃኝ!»

ይህ ጨዋታ ሳያልቅ የራጅ ባለሙያዋ በሩን ከፍታ፣ «ታላቂቱ ትግባ» አለች። ሚዛን ገና ከነርሷ ጋር ነበረች። ትራስ ደግሞ ፍርሃቷ ሳይብስባት መገላገል ስለፈለገች፣ «የፈራ ይቅደም» ብላ ዘው አለች። ስትወጣ ሚዛን ገባች። መሣሪያው ጡትን በሁለት ዝርግ ነገር መሀል አስገብቶ ይጫናል። ደጅ የተቀመጠችው ትራስ የእህቷን ድምፅ ትሰማ ነበር።

«አረ ቀስ! ጥጥ እንኳ እንዲህ አይጨመቅም!»

«ትንሽ ነው እናቴ፤ ትንፋሽዎን ያዝ ያድርጉት።»

«ይዤዋለሁ፤ የት ይሄድብኛል!»

ከጥቂት ቀን በኋላ ራጁን ያነበበችው ሐኪም ሁለቱንም ባንድ ላይ አስገባቻቸው። ወጣት ናት፤ ረጋ ብላ ነው የምታወራው። በመጀመሪያ ወደ ትራስ ዞረች። «የእርስዎ ጡት አብዛኛው ስብ ነው። ስብ በራጅ ላይ ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው፤ እዚያ ውስጥ ክፉ ነገር ቢኖር ነጭ ሆኖ ጎልቶ ይወጣ ነበር። ምንም አላየንም።»

«የእርስዎ ግን» አለች ወደ ሚዛን ዞራ፣ «ጥቅጥቅ ያለ ጡት የምንለው ዓይነት ነው። ወተት የሚሠራው ዕጢና እሱን ደግፎ የሚይዘው ሥጋ ከስቡ ሲበዛ እንዲህ ይሆናል። በሽታ አይደለም፤ ብዙ ሴት እንዲህ ነው። የሚያስቸግረን ሥጋውም ነጭ፣ ካንሰርም ነጭ መሆኑ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። ደግሞም ጥቅጥቅ ያለ ጡት ራሱ የካንሰርን ዕድል ከፍ ያደርገዋል። የእናትዎ ነገርም አለ። ስለዚህ በአልትራሳውንድ ደግሜ ባይዎት ደስ ይለኛል።»

 ዝምታ የማይሆንላት ትራስ ቀደመች። «እንግዲያ ዶክተር፣ ውፍረቴ አዳነኝ በሉኛ!»

«ሥዕሉን አጠራልን እንጂ እርስዎንስ አላዳነም» አለች ሐኪሟ። «ውፍረት ጡቱ ላይ ስብ ስለሚጨምር ጥቅጥቅነቱ ይቀንሳል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የወር አበባ ከቆመ በኋላ ውፍረት ራሱን ችሎ ለጡት ካንሰር ያጋልጣል። ዕድሜም እንደዚሁ ነው። እያረጀን ስንሄድ የጡት ጥቅጥቅነት እየሳሳ ይሄዳል፤ የካንሰሩ ዕድል ግን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ጥቅጥቅነቱንም የካንሰሩን ዕድልም ባንድነት ከፍ የሚያደርጉም አሉ። ልጅ ያልወለደች ሴት ጡቷ ጥቅጥቅ ብሎ የመቆየቱም፣ የመታመሟም ዕድል ትንሽ ይበልጣል። ከእናት የሚወረሰውም፣ አንዳንዱ የሆርሞን መድኃኒትም እንዲሁ ነው። አንዱን ብቻ ይዞ ‹እኔ ደህና ነኝ› ማለት አይሆንም።»

«አይ የኔ ነገር፣ ከሁለት ያጣሁ ነኛ!» አለች ትራስ። «አልቀጠንኩ፣ አልዳንኩ።»

ሚዛን «እሺ ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ እጅ ነሥታ ወጣች። ሰው የሚያከብር ሰው ፊት አትከራከርም። የልቧን የተናገረችው መኪናው ውስጥ ነው፤ ሾፌሩ መሪውን ይዞ፣ ትራስ መሀል ተቀምጣ፣ እሷ በበሩ በኩል ተጠግታ።

«ተቀያይረናል» አለች።

«ምኑን ነው የተቀያየርነው?» አለች ትራስ።

«ራጁን ነዋ! ታላቂቱ ስትባል አንቺ ዘለሽ ገባሽ። ያንቺን በኔ ስም፣ የኔን ባንቺ ስም አስቀምጠውት ነው።»

«እትዬ፣ ጤና የለሽም?»

«እኔ ይሄን ገላ ይዤ ስንት ዘመን ኖርኩ? የኔ የተባዘተ ጥጥ ነው፤ ሲጫኑት ተጭኖ ይቀራል። ያንቺ አዲስ ስፖንጅ ነው፤ ገፍቶ ይመልሳል። ጥቅጥቅ ያለው የማን ነው እንግዲህ?»

ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ልውረድና ተጨዋወቱ እንዴ?»

«አርፈህ ንዳ!» አሉት ባንድ አፍ።

ሱቅ እንደደረሱ ሚዛን በሩን ዘጋችና ትራስን ተሰፍቶ ባለቀ ፍራሽ ላይ አስተኛቻት። ስፖንጅ ሲመጣላት እንደምታደርገው በመዳፏ ተጫነች፣ ለቀቀች፣ ጠበቀች። ትራስ ይህን ስታወራልኝ ሳቋ ያቋርጣት ነበር። «ኪሎዬን ልትነግረኝ ነው ብዬ ሞትኩ! ‹ልብስ ቁራጭም አለበት ወይ?› ብላት በጥፊ ልታቀምሰኝ ነበር።» ሚዛን ግን አልሳቀችም። በእጇ ያገኘችው ያሰበችውን ነው። የእህቷ ጡት ጠንካራ ነው፤ የራሷ ልስልስ ነው። እንግዲህ ሐኪሟ «ደግሜ ልየው» ያለችው፣ ነገሩ የተሸፈነበት ጡት፣ የእህቷ ነው። ይህን ቆርጣ አመነች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በጭቅጭቅ አለፈ። «ሂጂ ታዪ» ትላለች ሚዛን። «የተጠራሽው አንቺ ነሽ» ትላለች ትራስ። «አንቺ ነሽ!» «አንቺ!» ደንበኛው መሀል ቆሞ ከሁለቱ ማንኛቸው ትቅደም እያሉ የሚጣሉ ይመስለዋል። የአልትራሳውንዱ ቀጠሮ መጣ፣ አለፈ። ሁለተኛም ተሰጠ፤ እሱም አለፈ።

እኔ በነዚያ ቀኖች የሰጠኋትን ፍራሽ ላነሣ ሄጄ ነበር። ሱቁ ውስጥ የማላውቀው ጸጥታ አገኘሁ። ሚዛን የተባዘተ ጥጥ ፊቷ ቆልላ እጇን ጭኗ ላይ ጥላ ተቀምጣለች። መርፌው ከከንፈሯ ላይ የለም። ትራስ ጓዳ ክር ስትፈልግ ነው መሰለኝ፣ ድምጿ አይሰማም።

«ደህና አይደለሽም እንዴ?» አልኳት።

«ይቺ ልጅ እምቢ አለችኝ» አለች፤ ትራስን ማለቷ ነው። ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴትዮ ዛሬም ለእሷ «ይቺ ልጅ» ናት። «እኔ አንድ ነፍስ ነኝ፤ ብሞትም አልጋዬ ነው የሚጎድለው። የሷ አራት ልጆች አሏት። እናቴን በዚህ እጄ አገኘሁባት፤ ግን ዘገየሁ። አሁንም በዚሁ እጄ እያወቅሁ በእህቴ ልዘግይ?»

ቀና ስል ትራስ የጓዳውን መጋረጃ ይዛ ቆማለች። ፊቷ ላይ ያ ሁልጊዜ የማውቀው ፈገግታ የለም። እስካሁን እህቷ ምርመራ ፈርታ ሰበብ የምትደረድር መስሏት ነበር። ሚዛን የምትፈራው ለራሷ እንዳልሆነ ያን ዕለት ገና ገባት።

«እሺ፣ እሄዳለሁ» አለች ትራስ። «እተኛለሁ፣ ይዩኝ። ግን እኔ እንደተነሣሁ አንቺ ትተኛለሽ። እዚያው አልጋ ላይ፣ በዚያው ሰዓት። አልተኛም ካልሽ እኔም ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ሚዛን አየቻት። «እኔማ ምን አለብኝ፣ እተኛለሁ።»

«ማዪልኝ!»

«እናታችንን!»

ሐኪሟ ሁለቱ ተያይዘው ሲገቡ ገረማት። ሚዛን በዚህ ጊዜ አክብሮቱን ትታ ነገሩን ዘረገፈችው። ማን ቀድማ እንደገባች፣ የማን ጡት እንደሚጠነክር፣ በፍራሽ ሥራ ስንት ዘመን እንደቆየች ሁሉ ተናገረች። ሐኪሟ አላቋረጠቻትም። ሲያልቅ ኮምፒዩተሯን ዞር አደረገችና ሁለቱን ራጆች ጎን ለጎን አወጣቻቸው። አንደኛው ሰፊና ጠቆር ያለ ነው። ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ ነጭ በነጭ፣ እንደ ደመና።

«ትልቁ የማን ይመስልዎታል?» አለች።

«ዶክተር፣ ሰው ፊት እንዲህ አያዋርዱኝ እንጂ!» አለች ትራስ።

ሚዛን ግን ምስሉን ትኩር ብላ እያየች ነበር። «ታዲያ የኔ ለምን ይለሰልሳል?»

«ጥቅጥቅነት በእጅ አይለይም» አለች ሐኪሟ። «ሲነኩት የሚጠነክር ጡት ውስጡ ስብ ሊሆን ይችላል፤ ልስልሱም ጥቅጥቅ ሊሆን ይችላል። እኔም በእጄ አላውቀውም። የሚነግረን ምስሉ ነው።»

በቃላቸው መሠረት ትራስ ቀድማ ተኛች። የእናታቸውን ታሪክ አስባ ሐኪሟም አልተቃወመችም። ቀዝቃዛውን ቅባት ሲቀቧት ትራስ «ዋይ!» ብላ ጮኸች፤ ምንም አልተገኘም፤ ተነሣች። ሚዛን ተኛች።

ትራስ የሐኪሟን እጅ በዓይኗ ስትከተል ነበር። እጁ ይንሸራተታል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። ከዚያ በግራ ጡት ላይ፣ ወደ ብብት ጠጋ ብሎ ቆመ። ቆየ። ሐኪሟ ማውራቷን አቆመች። ትራስም ያኔ ዝም አለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በነቃችበት ሰዓት እንዲህ ዝም ብላ የምታውቅ አይመስለኝም።

«እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። «ከምስር ፍሬ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ምን እንደሆነ ናሙና ወስደን ነው የምናውቀው።»

ሚዛን እጇን ዘረጋች። «የት ጋ ነው? አሳዪኝ።»

ሐኪሟ ጣቷን ይዛ ቦታው ላይ አስቀመጠችላት። ሚዛን ተጫነች። ለቀቀች። በሁለት ጣት ያዘች። ዓይኗን ጨፍና እንደገና ተጫነች።

«ምንም የለም እኮ» አለች።

«አለ። ገና እጅ የሚያገኘው ደረጃ አልደረሰም። ደግ ነገሩም ይሄው ነው።»

ሚዛን እጇን መልሳ ደረቷ ላይ አሳረፈች። «እንግዲህ ይሄ እጅ ከአሁን ወዲያ ለጥጥ ብቻ ነው በይኛ» አለች።

«አይ፣ አይተዉት» አለች ሐኪሟ። «ለውጥ ካገኘ ቶሎ ይምጡ። ብቻ እሱ ምንም አላገኘም ብለው አይቅሩ።»

ናሙናው ካንሰር መሆኑን አሳየ። ትንሽ ነው፤ ቶሎ ይውጣ ተባለ። እነዚያን ቀኖች ትራስ ሱቁን ብቻዋን ይዛ፣ እህቷን ማንም ምን እንዳይላት ዘብ ቆማ ከረመች። አንዲት ደንበኛ «ልጅ ባለመውለዷ ይሆናል» ስትል ሰምታ፣ «እኔም አራት ወልጄ፣ ከዚህ ክብደቴ ጋር፣ ሐኪም ተከታተይ ተብያለሁ። ከማማት ሄደሽ ታዪ!» ብላ ፍራሿን ሳትጨርስላት መለሰቻት። ሚዛን ይህን ስትሰማ ተቆጣች፤ የተቆጣችው ግን ስለ ፍራሹ ነው።

ቀዶ ጥገናው ተደረገ። የወጣው ሁሉ እስኪመረመር ተጠበቀ። የውጤቱ ዕለት ሾፌሩ መኪናውን ሆስፒታሉ ደጅ አቁሞ ጠበቃቸው። ሁለቱ እህትማማቾች ሲወጡ አየ፤ ፊታቸውን ግን ማንበብ አቃተው። ትራስ ጉንጯ እስኪርስ ታለቅሳለች፤ ሚዛን ክንዷን እንደታመመ ሰው ወደ ደረቷ ሰብስባ ትቆጣታለች።

ገብተው ተቀመጡ። ሾፌሩ ቁልፉን ይዞ አላዞረውም። «ምን አሉ?» አለ።

«ሁሉም ወጥቷል። ወደ ብብት አልተሻገረም። ጨረር ይቀረኛል፣ የሚዋጥ ክኒን አለ፣ በየጊዜው እየመጣሁ እታያለሁ። በዚህ ክንዴም ለጊዜው ፍራሽ እንዳላነሣ ከለከሉኝ» አለች ሚዛን። «ይቺ ደግሞ የሞትኩ ይመስል ታለቅሳለች።»

ሾፌሩ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋው። የመኪናው ጡሩምባ አምባረቀ፤ እሱ ግን እያለቀሰ ስለነበር አልሰማውም። መንገደኛው ዞረ። የሆስፒታሉ ዘበኛ ቆመጡን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ምን ዓይነት ሰው ነህ! ሆስፒታል እኮ ነው፣ ሕመምተኛ አለ!»

ትራስ ባሏን በክርኗ ገፍታ ከመሪው ላይ አነሣችውና አንገቷን በመስኮት አወጣች። «ይቅር በለን ወንድሜ! እህታችን ድና ነው!»

«ገና ጨረር አለብኝ» አለች ሚዛን ከውስጥ።

ዘበኛው ቆም አለ። ሦስቱንም ተራ በተራ አያቸው፤ የሚያለቅሰውን ወንድ፣ የምታለቅሰውን ሴት፣ የማታለቅሰዋን ቀጭን ሴትዮ። ቆመጡን ወደ ብብቱ መለሰ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ። «ግን በቀስታ።»